የሌሊት ወፍን ከኖክቲሉካ ጋር እንዴት እናወዳድር?

ባለፈው ሳምንት ማታ የጎረቤቴ ልጅ ደብተሯን አቅፋ መጣች። ቤታችን ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ነው። በዚህ ሙቀት በር ዘግቶ የሚቀመጥ የለም፤ እኔም በረንዳ ላይ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። «ቲቸር፣ ጉዴ ፈልቷል» አለችኝ። አንዲት የሌሊት ወፍን ከአንድ ባለ አንድ ሕዋስ የባሕር ፍጥረት ጋር አወዳድሪ ተብላለች። ሠንጠረዥም ሠርታለች፤ በማስመሪያ፣ በሁለት ቀለም። በግራ የሌሊት ወፍ፣ በቀኝ ባለ አንድ ሕዋሱ። ልብ፦ አላት፣ የለውም። አጥንት፦ አላት፣ የለውም። ክንፍ፣ ጆሮ፣ ጥርስ፣ ጸጉር... እስከ ታች አሥራ አንድ መስመር፣ አሥራ አንድ «የለውም»።

ሳቄ መጣ። በእሷ አይደለም፣ በራሴ ነው። ኮሌጅ እያለሁ ልክ ይህንኑ ሠንጠረዥ ሠርቼ አስረክቤ ነበር። አስተማሪያችን ከግርጌው በቀይ እስክሪብቶ «ድንጋይም ልብ የለውም» ብሎ መለሰልኝ። ከአሥር ሁለት። ያን ቀን ከንዴቴ ብዛት ምሳ አልበላሁም። ሃያ ሁለት ዓመት ባዮሎጂ ካስተማርኩ በኋላ ግን ቀዩ እስክሪብቶ ልክ ነበር እላለሁ። ሠንጠረዤ ስለ ባሕሩ ፍጥረት የተናገረው የሌለውን ብቻ ነው። ያለውን አንድም አልጠቀሰም።

ያን ማታ ከልጅቷ ጋር እንዴት እንደሠራነው ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ስም ምረጡ። «የሌሊት ወፍ» የሚለው ብቻውን አይበቃም። በዓለም ላይ ከ1,400 በላይ የሌሊት ወፍ ዝርያ አለ። ነፍሳት የሚበላ አለ፣ ፍራፍሬ የሚበላ አለ፣ ዓሣ የሚያጠምድም አለ። ደም የሚልስም አለ፤ እሱ ግን አሜሪካ አህጉር ነው፣ አትስጉ። የትኛዋን ነው የምታወዳድሩት? እኛ የመረጥነው የግብፅ ፍሬ በሊታ የምትባለውን ነው፤ በሳይንስ ስሟ ሩሴተስ ኢጂፕቲያከስ። አገራችን ውስጥ አለች። ዋሻ ትወዳለች። ክንፏን ስትዘረጋ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናት፤ ክብደቷ ግን ከአንድ ብርቱካን ብዙም አይበልጥም።

«ባለ አንድ ሕዋስ» የሚለው ደግሞ የባሰ ሰፊ ነው። ባሕር ውስጥ ያሉት ባለ አንድ ሕዋሶች እርስ በርሳቸው የሚራራቁት፣ የሌሊት ወፍ ከዓሣ ከምትርቀው በላይ ነው። እኛ ኖክቲሉካ ሲንቲላንስን ያዝን። በአገር ልጅ አማርኛ «የሌሊት መብራት» ማለት ነው። ባሕር በሌሊት ሲነካ ሰማያዊ ብልጭታ የሚሰጠው ከነሱና ከመሰሎቻቸው የተነሳ ነው። ዳይኖፍላጀሌት ከሚባለው የባለ አንድ ሕዋሶች ወገን ናት። ለአንድ ሕዋስ ግዙፍ ናት፤ በዓይን ትታያለች። ትልልቆቹ አንድ ፍሬ ጤፍ ያክላሉ።

በነገራችን ላይ ኖክቲሉካ ካልጣመቻችሁ ፎራሚኒፌራ የሚባሉትን ባለ ቅርፊቶች መውሰድ ይቻላል። ለድሬ ልጅ እንዲያውም እነሱ ይቀርባሉ። በዙሪያችን ያለው የኖራ ድንጋይ በጁራሲክ ዘመን፣ በዳይኖሰሮች ጊዜ፣ ምሥራቁን አገራችንን ሸፍኖ ከነበረ ባሕር ሥር የተጠራቀመ ነው። ከተጠራቀመው ውስጥ የነዚህ ባለ አንድ ሕዋሶች ቅርፊት አለበት። የሌሊት ወፍ ተንጠልጥላ የምትውልበት ዋሻ ግድግዳው የማን ሬሳ እንደሆነ አስቡት። ሲሚንቶ ፋብሪካውም የሚፈጨው ይህንኑ የኖራ ድንጋይ ነው። ልጅቷ ግን ብልጭታ አማራት፣ ኖክቲሉካ አልን።

ሁለተኛው ነገር፦ ልዩነት ከመቁጠራችሁ በፊት የሚገናኙበትን ፈልጉ። ልዩነት በየመንገዱ ወድቆ ይገኛል። ከቢሊዮን ዓመት በላይ ተለያይተው የኖሩ ዘመዳሞች ናቸውና መለያየታቸው አይገርምም። የሚገርመው የጋራቸው ነው። ሁለቱም ኒውክለስ፣ የዘር መልእክቱ የሚቀመጥበት የሕዋስ ክፍል፣ አላቸው። ሁለቱም ማይቶኮንድሪያ፣ ለሕዋሱ ኃይል የሚያመነጩ ጥቃቅን ክፍሎች፣ አላቸው። የዘር መልእክታቸው የሚጻፈው በዚያው በዲኤንኤ ነው። ይህን በሦስት መስመር ጻፉትና እለፉ፤ የማንኛውም መማሪያ መጽሐፍ ነገር ነው።

እኔ የምወደው ሌላ መገናኛ አለ። ሁለቱም ለሳይንስ የተመዘገቡት በአንድ ዓመት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1810። የሌሊት ወፏን የመዘገባት ከናፖሊዮን ጋር ግብፅ የዘመተው ፈረንሳዊው ዤፍርዋ ሴንት ኢሌር ነው፤ ናሙናዋ የመጣው ከጊዛው ታላቅ ፒራሚድ ነው። የባሕሯን የመዘገባት አየርላንዳዊው ጄምስ ማካርትኒ ነው። እሱ ታዲያ ጄሊፊሽ የሚባለው ዝልግልግ የባሕር እንስሳ መስላው፣ በዚያው ወገን ስም ሜዱሳ ብሎ ጻፋት። እኛም ብንሆን አጥቢ እንስሳዋን «ወፍ» ብለን ቁጭ ብለናል። ሁለቱም የሌላ ፍጥረት ስም ወጥቶላቸዋል።

የሌሊት ወፍ ተረትን ታውቃላችሁ። ወፎች ግብር ክፈዪ ሲሏት «ጥርሴን እዩት፣ አይጥ ነኝ» አለች፤ አይጦች ሲመጡ «ክንፌን እዩት፣ ወፍ ነኝ» አለች። ስሟ ጠፍቶ የቀረው በዚህ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ተረቱ ለኖክቲሉካ ነው የሚመጥነው። ምክንያቱም የኖክቲሉካ ዘመዶች ብዙዎቹ እንደ ተክል ከፀሐይ ምግብ ይሠራሉ። እሷ ግን እንደ እንስሳ አድና ትበላለች። በሞቃት ባሕር ደግሞ፣ ለምሳሌ በዓረብ ባሕር፣ ሆዷ ውስጥ ሕይወት ያላቸው አረንጓዴ አልጌዎች ይዛ የምትኖር አለች። እነሱ ከፀሐይ ይሠራሉ፣ እሷ ትጠቀማለች፣ በጎን ደግሞ ታድናለች። ግብር ሰብሳቢው የትኛው መዝገብ ላይ ይጻፋት?

ሦስተኛው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሌሊት ወፏን ሙሉ አካል ከአንድ ሕዋስ ጋር ሲያስተያይ፣ ሕዋሱን የአካል ቁራጭ አድርጎ ያየዋል። ኖክቲሉካ ግን ቁራጭ አይደለችም። ሙሉ ኑሮ ናት። ለልጅቷ በገበያችን በቀፊራ ነው ያስረዳኋት። አንድ ትልቅ ፋብሪካ ውሰጂ አልኳት። ዘበኛው ዘበኛ ነው፣ ገንዘብ ያዡ ገንዘብ ያዥ ነው፣ ሹፌሩ ሹፌር ነው። የሌሊት ወፏ እንዲያ ናት። በቢሊዮን የሚቆጠሩ ሕዋሶች አሏት፤ የጉበቱ ሕዋስ የጉበት ሥራ ይሠራል፣ ብቻውን አውጥተሽ ሜዳ ላይ ብትጥዪው አያድርም። ቀፊራ ጉሊት የተቀመጠችውን ሴትዮ ደግሞ እያት። ገዢዋ እሷ፣ ተሸካሚዋ እሷ፣ ሻጯ እሷ፣ ዘበኛዋ እሷ፣ ሒሳቡም በእሷ ጭንቅላት ነው። ኖክቲሉካ እንደዚህች ሴትዮ ናት። መብላትም፣ መንሳፈፍም፣ መደንገጥም፣ መዋለድም በአንዲት ሕዋስ ውስጥ ያልቃል።

ስለዚህ «ሆድ፦ የለውም» ከማለት «ምግቡን የት ይፈጫል?» ብላችሁ ጠይቁ። ያኔ መልስ ይመጣል። ኖክቲሉካ የሚያጣብቅ ክንድ አላት። በሱ ፕላንክተን የሚባሉ ጥቃቅን ተንሳፋፊ ፍጥረቶችን፣ ዳያተም የሚባሉ ባለ አንድ ሕዋስ አልጌዎችን፣ የዓሣ እንቁላል ሳይቀር ይዛ ወደ ውስጥ ታስገባለች። ለገባው ምግብ ዙሪያውን ሽፋን ትሠራለታለች፣ እዚያው ትፈጨዋለች። በየምግቡ አዲስ ሆድ ማለት ነው። የሌሊት ወፏ ደግሞ ፍሬውን ታላምጠዋለች፣ ጭማቂውን ትውጣለች፣ ገለባውን ትተፋለች። ልክ እኛ ሸንኮራ እንደምንበላው። ጠዋት ዛፍ ሥር ተጨምቆ የደረቀ ገለባ ካያችሁ የማታዋ እንግዳ መጥታ ሄዳለች ማለት ነው። በእጃችሁ ግን አታንሱት፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው። ሁሉንም ነገር ለማወዳደር አትሞክሩ። አንድ ጥያቄ ያዙና ሁለቱንም ጠይቁ። እኛ የያዝነው «ጨለማ ውስጥ ምን ታደርጊያለሽ?» የሚለውን ነው። የሁለቱም ስም ሌሊት አለበት፣ ጥያቄው ራሱ መጣ።

የሌሊት ወፏ መልስ፦ «እጠይቃለሁ»። ዓይኗ ትልቅ ነው፤ በደብዛዛ ብርሃን ደህና አድርጋ ታያለች። ከሱ በተጨማሪ ግን ምላሷን ጠቅ ጠቅ ታደርጋለች። ከፍሬ በሊታዎቹ የሌሊት ወፎች ብዙዎቹ ይህ ችሎታ የላቸውም። ነፍሳት በሊታዎቹ ድምፁን የሚያወጡት ከጉሮሯቸው ነው፣ የኛዋ በምላሷ። ሁለት ሁለት እያደረገች ነው፦ ጠቅ ጠቅ፣ ጠቅ ጠቅ። አንዷን ወደ ግራ፣ አንዷን ወደ ቀኝ ትልካለች። ከዚያ የገደል ማሚቶውን ትሰማለች።

እዚህ ላይ ቁጥር አስገቡበት፣ ቁጥር ያለው ንጽጽር ያምራል። በድሬ ሙቀት ድምፅ በሰከንድ ወደ 350 ሜትር ይጓዛል። ማንጎው ከአፏ 1.75 ሜትር ላይ ተንጠልጥሏል እንበል። ድምፁ ሄዶ ሲመለስ 3.5 ሜትር ነው። 3.5 ለ350 ሲካፈል 0.01 ሰከንድ። በአንድ መቶኛ ሰከንድ ውስጥ «ማንጎ አለ፣ እዚህ ጋ ነው» የሚል መልስ ደረሳት። ልጅቷ ይህን ስታሰላ ዝም አለች፣ ቀና ብላ «አቦ፣ ዋይፋይ ናት እንዴ?» አለችኝ።

የኖክቲሉካ መልስ ደግሞ፦ «እጮኻለሁ»። ዓይን የላትም። ብልጭታዋ መንገድ አያሳያትም። ታዲያ ለምን ታበራለች? አንድ ትንሽ ሸርጣን መሰል አዳኝ ሲነካት ነው የምታበራው። ብልጭታው አዳኙን ያስደነግጠዋል። ከዚህም አልፎ፣ አዳኙን የሚበላ ዓሣ ብርሃኑን አይቶ ይመጣል የሚሉ አሉ። ሌባ ቤትሽ ሲገባ ኡኡ ብሎ ጎረቤት እንደ መጥራት ነው። እኔ ይህን ሐሳብ እወደዋለሁ፤ መንደር ያደገ ሰው ወዲያው ይገባዋል።

የብልጭታው አሠራር ቀረብ ተብሎ ሊታይ ይገባዋል። ውሃው ሲነቃነቅ ወይም አንድ ነገር ሲነካት የሽፋኗ ቅርጽ ትንሽ ይጎብጣል። ያ መጉበጥ የኤሌክትሪክ ሞገድ ያስነሳል፤ ሞገዱ ውስጧ ባለው ትልቅ የፈሳሽ ከረጢት ሽፋን ላይ ይሮጣል። ከከረጢቱ ውስጥ አሲድ ወደ ጥቃቅን ጓዳዎች ይፈስሳል። ጓዳዎቹ ውስጥ ሉሲፈሪን የሚባል ንጥረ ነገርና እሱን የሚያነድ ኢንዛይም ተቀምጧል። አሲዱ ሲደርስ ኢንዛይሙ ይነቃል፣ ሉሲፈሪኑ ከኦክስጅን ጋር ይዋሃዳል፣ ሰማያዊ ብርሃን ይወጣል። ሁሉም ነገር ከአንድ አሥረኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። ሙቀት የለውም፣ ጢስ የለውም።

አሁን ተመልከቱ። የሌሊት ወፏ የገደል ማሚቶውን ከጆሮዋ ወደ አንጎሏ የምታደርሰው በምንድነው? በነርቭ። ነርቭ ላይ የሚሮጠው ምንድነው? በሽፋን ላይ የሚሮጥ የኤሌክትሪክ ሞገድ። ነርቭ የሌላት ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት ራሷን ነርቭ አድርጋ ትሠራለች። ሠንጠረዡ ላይ «ነርቭ፦ የለውም» ተብሎ የተዘጋው መስመር ውስጥ ይህን የሚያህል ነገር ተቀብሮ ነበር። ልጅቷን «ያንን መስመር ሰርዢው» አልኳት። በሁለት ቀለም የተሠራ ሠንጠረዥ መሰረዝ ያሳዝናል፣ ቢሆንም ሰረዘችው።

አንዳንድ ጥያቄ ለአንደኛዋ ጨርሶ ላይሠራ ይችላል። ያኔ «የለውም» ብላችሁ አትለፉ፤ ለምን እንደማይሠራ ጻፉ። ለምሳሌ ዕድሜ። የሌሊት ወፏ በሰው እጅ ካደገች ከሃያ ዓመት በላይ ልትኖር ትችላለች። ኖክቲሉካስ? ብዙውን ጊዜ የምትራባው ለሁለት በመከፈል ነው። ተከፈለች። እናትየዋ የታለች? ሬሳ የለም፣ ቀብር የለም፣ ሁለት ልጆች ብቻ አሉ። ስለዚህ «ስንት ዓመት ትኖራለች» የሚለው ጥያቄ ራሱ ለአጥቢ እንስሳ የተሰፋ ልብስ ነው።

መዋለድን በቁጥር ብታሳዩት ይሻላል። የሌሊት ወፏ አራት ወር ገደማ አርግዛ ብዙውን ጊዜ አንድ ልጅ ትወልዳለች፣ ታጠባለች፣ ተሸክማ ትበራለች። ኖክቲሉካ በቀን አንዴ ትከፈላለች ብለን ብናስብ፣ ከአንዲት ተነስተን በአሥር ቀን 1,024 ይሆናሉ። ባሕሩ ሲመቻቸው ውሃው ቀይ ወይም አረንጓዴ እስኪመስል የሚበዙት ለዚህ ነው። ሲበዙ ደግሞ ለዓሣ ጥሩ አይደለም፤ አሞኒያ ይለቃሉ፣ ሲሞቱና ሲበሰብሱ የውሃው ኦክስጅን ያልቃል።

«ኋላ ቀር» እና «ዝቅተኛ» የሚሉትን ቃላት ከወረቀታችሁ አውጡልኝ። የኖክቲሉካ ዘር የሌሊት ወፏ ዘር የቆየውን ያህል ዘመን ቆይቷል፤ ማንም ማንንም አልጠበቀም። ደግሞ እንዳትንቋት ዘመዷን ልንገራችሁ። ዳይኖፍላጀሌቶች ከወባ ተሕዋሲ ጋር በአንድ ሰፊ ወገን ውስጥ ናቸው። ድሬ ላይ ተቀምጦ ባለ አንድ ሕዋስን የሚንቅ ሰው ወባ ይዞት አያውቅም ማለት ነው።

ከቻላችሁ በዓይን እዩ። የሌሊት ወፏ ቀላል ናት። ፀሐይ ስትጠልቅ ፍሬ ካለው ዛፍ፣ ከማንጎ ወይም ከሾላ፣ ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ባትሪ አታብሩባት። መጀመሪያ ቅጠሉ ሲንኮሻኮሽ ትሰማላችሁ፣ ከዚያ ሰማዩ ላይ ጥቁር ጥላ ታያላችሁ። ዋሻ ውስጥ ግን አትግቡ። እሷንም፣ ኩሷንም፣ የነከሰችውን ፍሬም አትንኩ። ይህቺ ዝርያ የማርበርግ ቫይረስ ተሸካሚ ናት፤ እሷን አያማትም፣ ሰውን ግን ይገድላል። በሽታው መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን አገር ማርበርግ ከተማ ነው፣ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ይህን ስላችሁ ድንጋይ ወርውሩባት አላልኩም። ዘር የምትበትን፣ አበባ የምታዳቅል እንስሳ ናት። ራቅ ብሎ ማየት ለሁለታችሁም ይበጃል።

ባሕሩን በተመለከተ የራሴን ቂልነት ልናገር። ጅቡቲ በባቡር ሄጄ ማታ ባሕር ዳር ወጣሁ። እግሬን ስነክር ቁርጭምጭሚቴ ዙሪያ ሰማያዊ ብልጭ ብልጭ አለ። የሚያበሩ የባሕር ፍጥረቶች ብዙ ዓይነት ናቸው፣ ኖክቲሉካ ከነሱ አንዷ ናት። እኔ ግን ማን እንደሆኑ ሳልጠይቅ የሃይላንድ ጠርሙስ ሞልቼ ክዳኑን ጥብቅ አድርጌ ዘጋሁ። ለተማሪዎቼ ላሳይ ነው! በዚያ ሙቀት፣ ሻንጣ ውስጥ፣ ቀኑን ሙሉ። ድሬ ደርሼ ማታ ተማሪዎቼን ሰብስቤ፣ መብራት አጥፍቼ ጠርሙሱን ነቀነቅኩ። ምንም። ደግሜ ነቀነቅኩ። ከኋላ አንዱ «ቲቸር፣ ሃምሳ ይሙላ?» አለ፤ ካርድ አልቆባት እንደሆነ ማለቱ ነው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ክዳኑ ሲከፈት ሽታው የአሣ ገበያ ነበር። እናንተ በቪዲዮ እዩ፤ መለኪያ መስመር ያለበትን ፎቶ ፈልጉ፤ ውሃውን ባሕሩ ላይ ተዉት።

በመጨረሻ ሥዕሉን በልኩ ሥሩ። መጽሐፍ ላይ የሌሊት ወፏም ኖክቲሉካም እኩል ግማሽ ገጽ ይይዛሉ፣ ተማሪውም እኩል ይመስሉታል። እኛ ከሱቅ ትልቅ ካርቶን ለምነን 60 ሴንቲ ሜትር ለክተን ክንፏን በእውነተኛ መጠኗ ሣልናት። አውራ ጣቷን ከነጥፍሩ፣ የቀሩትን አራት ረጃጅም ጣቶች ክንፉ ውስጥ አሳየን፤ ክንፉ እኮ እጅ ነው። ኖክቲሉካን ለማሳየት ከእናቷ ጓዳ አንድ ፍሬ ጤፍ አመጣች፣ ከክንፉ ጫፍ ጎን ለጠፍናት። ባለ አንድ ሚሊ ሜትሯን ከወሰድን ክንፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመሙላት 600 ጤፍ መደርደር ያስፈልጋል። ከሥር ጻፈችበት፦ «ይህቺ ታበራለች፣ ያቺ ትጠይቃለች»።

ጤፏን በፕላስተር ለጥፉ። እኛ በኮላ ለጥፈን አድረን፣ ጠዋት ስንነሳ ጉንዳን ወስዷታል።